መርዶ ይዘን ወደ ሞምባሳ

ኬንያ ጎረቤታችን ናት። ጎረቤት ማለት ደግሞ በእኛ ልማድ ቤቱ ሳትገባ የምታማው ሰው ማለት ነው። አንድ የተማረ ኢትዮጵያዊ ስለ ኬንያ የሚያውቀውን ሁሉ ጻፍ ቢባል ሁለት መስመር አይሞላም፤ ሯጮቻቸው ከሯጮቻችን ጋር ይተናነቃሉ፣ ናይሮቢ ላይ አውሮፕላን ይቀየራል። እዚያው የሚኖሩት ወገኖቼ ከዚህ የተሻለ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነበር። አያውቁም። ጠዋት ጊጊሪ የዓለም አቀፍ ድርጅት ቢሮ ይገባሉ፣ ቅዳሜ ሁርሊንግሃም ሰፈር ክትፎ ይበላሉ፣ ዓመት በዓል ሲመጣ አዲስ አበባ ይበራሉ። የቀረው አገር ለእነሱ የመኪና መስኮት ነው።

እኔም ከእነሱ አልሻልም። ለአንድ ስብሰባ ተጋብዤ፣ ስልኩን የሚነካካ ጉባኤ ፊት ጽሑፍ አንብቤ፣ ልመለስ ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር። ኬንያን ያየሁት ደሴ ላይ ሰው ስለሞተ ነው።

ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ሙሉጌታ ቤት ነበር። ሙሉጌታ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአንዱ የዕቃ ግዢ ኃላፊ ነው፤ ሳቅ እንኳ ሳያስፈቅድ አይስቅም። ሰኞ ከሰዓት ያለወትሮው ከቢሮ ቀድሞ መጣ። ሚስቱ ሂሩት የሳሎኑን በር ዘጋች።

“አንተ የኬንያን ታሪካዊ ከተሞች ማየት ትፈልጋለህ” አለኝ።

“አልፈልግም።”

“ትፈልጋለህ። ልትጽፍባቸው ነው። ነገ ጠዋት ወደ ሞምባሳ እንነሳለን፤ እትዬ ዘውዴም አብራን ትመጣለች።”

“እትዬ ዘውዴ ደግሞ ምን ሆና?”

ሂሩት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ወንድሟ ሞተ። ካሳሁን። ዛሬ ጠዋት ደሴ ላይ። እሷ አልሰማችም።”

እትዬ ዘውዴን ናይሮቢ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃታል። ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት አላት፤ የምትታወቀው ግን በወጧ ብቻ አይደለም። በዚያ ከተማ የሚኖር ሰው አገር ቤት ዘመድ ሲሞትበት፣ ወሬው አስቀድሞ የሚደርሰው ለእሷ ነው። ማን ይንገር፣ ማን ከጎኑ ይቀመጥ፣ ስልኩ በምን ሰበብ ይወሰድ፣ መሥሪያ ቤቱ ምን ይባል፣ ሁሉንም የምትቆርጠው እሷ ናት። ሕግ አላት። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። የቅርብ ዘመድ አጠገቡ ሳይደርስ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። አሁን እንግዲህ ተማሪዎቿ በራሷ ላይ ሊተገብሩት ተነስተዋል። ታናሽ እህቷ ብርቱካን ከጅዳ የመውጫ ወረቀቷን ጨርሳ የምትደርሰው ዓርብ ማታ ነው። እስከዚያ አፉን መያዝ የማያውቅ ሐበሻ ሁሉ የሚመላለስበት ምግብ ቤት ውስጥ እሷን ማስቀመጥ ቤንዚን አጠገብ ክብሪት መጫር ነው። ስለዚህ ከከተማ ትውጣ። ሰበቡ እኔ ነኝ።

“ለምን ዛሬውኑ አትነግሯትም?” አልኩ። “የካሳሁን ልጆች ከሩቅ እስኪደርሱ ቀብሩ ረቡዕ ነው ብላችኋል። ነገ ብትበር ትደርሳለች።”

“አውሮፕላን ውስጥ ብቻዋን ታልቅስ?” አለች ሂሩት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተፋሁ ይመስል እያየችኝ።

“እህቷ በምን ሰማች?”

“እሷማ… በስልክ። ሌላ ምን ይደረግ?”

“የእትዬ ዘውዴ ልጅስ? ካምፓላ የሚማረው?”

“ናሆም ፈተና ላይ ነው። ለእሱ ሲጨርስ ይነገረዋል።”

ለእሱም ሌላ ኮሚቴ ይቋቋምለታል ማለት ነው። ሕዝባችን ብዙ ነገር ተባብሮ መሥራት አይችልም፤ መንገድ ቢቆፈር አብሮ አይደፍንም፣ ሰልፍ ቢይዝ አብሮ አይቆምም። አብሮ መዋሸት ላይ ግን የሚስተካከለን የለም። ይህን ተናገርኩ። የሰማኝ አልነበረም፤ ሂሩት የጉዞ ስንቅ እየቋጠረች ነበር።

ማክሰኞ ተነሳን። መኪናውን የሚነዳው ጀማል ነው፤ የሞያሌ ልጅ፣ ኢስሊ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፣ ከአራታችን ኬንያን በእውነት የሚያውቃት እሱ ብቻ ነው። የእትዬ ዘውዴን ስልክ “መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ አስቀይርልሻለሁ” ብሎ ሱቁ ትቶት መጥቷል። ያለ ምንም ጥያቄ ነው የሰጠችው። ልብ ያለው ሰው ብሆን እዚያው ላይ አንድ ነገር በገባኝ ነበር።

የኢምባካሲን መጋዘኖችና የአየር ማረፊያውን አጥር ካለፍን በኋላ የሞምባሳ መንገድ ጀመረ። አንባቢዬ ሊያየው ቢጓጓ እነሆ ላሳርፈው፤ ከሞጆ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ነው፣ ግመሉን በዝሆን ለውጠህ። እነዚያው ተሳቢዎች፣ ያው የናፍጣ ጭስ፣ ያው ከኋላ የሚጮህ አውቶቡስ። ዝሆኖቹ ቀይ ናቸው፤ የጻቮ ፓርክ ቀይ አፈር ላይ ስለሚንከባለሉ ነው። ሙሉጌታ መኪናው እንዲቆም አዘዘና ወደ እኔ ዞረ።

“ጻፍ እንጂ!”

“ምን ብዬ?”

“ቀይ ዝሆን ብለህ!”

ቀይ ዝሆን ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ዘውዴ ከኋላ ወንበር ሆና፣ “እንዲህ ያለ አፈር ላይ ነጭ ነጠላ ይዞ መምጣት እብደት ነው” አለች፤ ስለ ዝሆኖቹ ያለችው ይህን ብቻ ነው።

ለምሳ ምቲቶ አንዴይ የምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ቆምን። ኡጋሊ ቀረበ። እኛ ገንፎ ብለን በቅቤና በበርበሬ ለአራስ የምንሰጠውን እነሱ ቅቤውንም በርበሬውንም ነፍገውት ለጤነኛ ሰው ይሰጡታል። እትዬ ዘውዴ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰችና፣ “ያሳዝናል፤ ከሰው የተወለደ ይህን አላበሰለውም” ብላ ሳህኑን ወደ ጀማል ገፋች። ቀጥላም እናቷ ጋ ልትደውል የእሱን ስልክ ጠየቀችው።

“እትዬ፣ እዚህ ኔትወርክ የለም” አለ ጀማል።

ከጎናችን አንድ የተሳቢ ሾፌር በስልክ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ሴትየዋ የምትለው ሁሉ እኛ ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል። እትዬ ዘውዴ ሾፌሩን አየችው፣ ጀማልን አየችው፣ እጇን ልትታጠብ ተነሳች።

ያደርነው ቮይ ከተማ ነው፤ ማማ ዋኬሾ የምትባል፣ እንግዳ የምታሳድር የታይታ ጎሳ ሴት ቤት። ሙሉጌታ አርቆ ማሰቡ ነው፣ አስቀድሞ ደውሎ “አብራን የምትመጣው ሴት ወንድሟ ሞቷል፤ እሷ ግን አታውቅም” ብሎ ነግሯታል። ማማ ዋኬሾ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰማች፤ ሁለተኛው ግን ጤነኛ ሰው ሊገባው የሚችል ነገር አይደለም። በር ላይ የእትዬ ዘውዴን ሁለት እጆች በሁለት እጆቿ ያዘችና “ፖሌ፣ ማማ፣ ፖሌ ሳና” አለች፣ አይዞሽ ማለቷ ነው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጀማል ዘሎ ገባ። “ለጉዞው ድካም ነው እትዬ! እዚህ አገር መንገደኛን ፖሌ ይሉታል።”

“አውቃለሁ ጀማል” አለች። “አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩት እዚሁ ነው።”

እውነት ነው፤ መንገደኛን ፖሌ ይሉታል። እጁን ይዘው ግን አያለቅሱለትም። ማማ ዋኬሾ ጥሩውን ክፍል ለእትዬ ዘውዴ ሰጠች፣ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ወተት የበዛበት ሻይ አቀረበችላት፣ አጠገቧም ምንም ሳትናገር ተቀመጠች። እኛ ሦስታችን ስንቀባጥር አመሸን፤ ዝም ማለት የቻለችው የማታውቃት ሴት ብቻ ነበረች።

ረቡዕ ሞምባሳ ገባን። ዋናው የሚታየው ነገር ፖርቹጋሎች የሠሩት ምሽግ ነው፤ ስሙ ፎርት ጂሰስ ይባላል። መድፍ ደርድሮ ግንቡን በኢየሱስ መሰየም የፈረንጅ ብቻ ተሰጥኦ ነው ልል ነበር፤ የእኛም ነገሥታት ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ለማን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እንደነበር ትዝ አለኝና ተውኩት። አስጎብኚው ዓመተ ምሕረት እንደ ዳዊት ይደግማል። ሙሉጌታ በበኩሉ ጎንደርን ይዞበት መጥቷል።

“ይሄማ የፋሲል ግንብ በረት አይሆንም” አለ በአማርኛ።

“የፋሲልን ግንብ መቼ አየኸው?” አልኩት።

“ፎቶውን ነው። ቢሆንስ?”

አንድ ሕዝብ አይቶት በማያውቀው ግንብ የሌላውን ግንብ ሲንቅ ከማየት የበለጠ ቅርስ በኬንያ አላጋጠመኝም። እኔ ግን ሥራ ነበረብኝ፤ ሰበቡ እኔ ነኝና መጠየቅ አለብኝ። ስለ ፖርቹጋሎች ጠየቅኩ። ስለ ኦማን ዓረቦች ጠየቅኩ። ድንጋዩ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩ፤ ከባሕር ነው፣ ዛጎል ድንጋይ ነው አለኝ፤ “በጣም ይገርማል” አልኩ። እትዬ ዘውዴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ መሳቋ ነበር።

በዚያው ሰዓት የሙሉጌታ ስልክ አንድ ጊዜ ነዘረ። አነበበና ወደ ባሕሩ ዞሮ ቆመ። ጠጋ ስል መልእክቱን አሳየኝ፤ ከደሴ ነው፣ “አሁን ተፈጸመ” ይላል። ካሳሁን አፈር ገባ ማለት ነው። ከኋላችን እህቱ አስጎብኚውን፣ “ወታደሮቹ ይሄን ሁሉ ዘመን እዚህ ተቀምጠው ምን ይበሉ ነበር?” እያለች ትጠይቀዋለች።

“ይህን ልታስረዳኝ ትችላለህ?” አልኩት ሙሉጌታን።

“ዝም በል” አለኝ፤ “እባክህ ዝም በል።” ዓይኑን ጠረገና፣ ነፋሱ አቧራ አስገባብኝ ብሎ ተመለሰ። ባሕር ላይ አቧራ የለም።

ጾም ስለነበር የአሮጌውን ከተማ ጠባብ መንገዶች አልፈን ከአንዲት የስዋሂሊ ሴት ደጅ ባቄላ በኮኮናት በላን። የአሮጌው ከተማ በሮች ያማሩ ናቸው፤ ሐረርን ያየ ሰው ዘመዶቹን ያገኘ ይመስለዋል። ባቄላው ሽሮ የባሕር ማዶ ሰው አግብቶ የወለደው ልጅ ነው። እትዬ ዘውዴ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ አቆመች።

ሐሙስ ወደ ሰሜን ተጉዘን ጌዴ ደረስን። ከዚህ ቦታ ላይ ፌዜን ትንሽ መቀነስ አለብኝ፤ ቢቸግረኝም። ጌዴ ደን ውስጥ የተተወ ከተማ ነው። መስጊድ አለው፣ ቤተ መንግሥት አለው፣ ጉድጓድ አለው፤ የዛፍ ሥር ግድግዳውን እንደ ጣት ጨብጦታል። ሰዎቹ ከምን የተነሳ ለቀው እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ቤቶቹ የሚጠሩት ቆፋሪዎች ባገኙባቸው ዕቃ ነው፤ የመቀስ ቤት፣ የፋኖስ ቤት። የሰዎቹ ስም ጠፍቶ መቀሱ ቀረ። አስጎብኚዋ እያዛጋች፣ “ውሃ ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ጦርነትም ሊሆን ይችላል፣ በሽታም ሊሆን ይችላል” አለችን።

“ለዘመድም የነገረ የለም?” አለች እትዬ ዘውዴ በአማርኛ፤ ማንንም ሳታይ።

ወዲያው የጦጣ መንጋ መጣ። የዚያ ደን ጦጣዎች ሙዝ የሚሸት ነገር አያልፉም፤ አንዷ ሙሉጌታ ያንጠለጠለውን የጨርቅ ቦርሳ ነጥቃ ግንብ ላይ ወጣች። ቦርሳው ውስጥ ሙዙ ብቻ ሳይሆን ስልኩም ነበር።

“ስልኬ! ጀማል፣ ስልኬን!”

የግዢ ኃላፊውና የጨርቅ ነጋዴው ጦጣዋን እየተከተሉ፣ አስጎብኚዋም እነሱን እየተከተለች ከዓይን ጠፉ። እትዬ ዘውዴ የፈረሰ ግድግዳ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። ተቀመጥኩ።

“አንተ መዋሸት አትችልበትም” አለችኝ። “ትናንት ስለ ፖርቹጋል ስትጠይቅ ፊትህን አየሁት። ለፖርቹጋል ደንታ የለህም።”

“የለኝም።”

“ያወቅኩት ማክሰኞ ነው፣ ጀማል ስልኬን ሲቀበለኝ። ያንን ዘዴ እኮ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ምን ልበል? አንዱ ፈቃድ ወስዶ፣ አንዱ ሱቁን ዘግቶ፣ ለእኔ ብለው እንዲህ ሲንከራተቱ ‘ነቄ ነኝ’ ልበላቸው? ስንቱን ሰው እንዲህ አድርጌ አስቀምጫለሁ። ቡና ጠጣ፣ ተጫወት፣ ነገ እንገናኝ እያልኩ። አንዱም አያውቅም ብዬ ነበር። ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ስለ እኔ ብለው ዝም ይሉ ነበር።”

ይህን ሰኞ ዕለት ሳሎን ውስጥ ብትለው እንዴት ባጨበጨብኩላት።

“አራት ሰው አለኝ” አለች። “እናቴና ካሳሁን ደሴ ናቸው። ብርቱካን ጅዳ። ናሆም ካምፓላ። ሁለቱን ሌሊት አንዱን ቀብሬ ሌላውን ሳስነሳ ነው ያደርኩት።”

“እትዬ…”

“ስሙን አልጠይቅህም። ሕግ ሕግ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ናሆም ነው?”

እውነት ለሰው ሁሉ በሰዓቱ ይነገር ብዬ የምጽፍ ሰው ነኝ። እውነቱን በእጄ ይዣለሁ፣ ሰሚዋ አጠገቤ ናት፣ የሚያቋርጠኝም የለም።

“አይደለም” አልኩ።

ዓይኖቿን ጨፈነች። “ተመስገን” አለች። ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች። “ይቅር በለኝ አምላኬ። ይቅር በለኝ። የአንዳቸውን ሞት እኮ ነው ተመስገን ያልኩት።”

የቀረውን ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን ጉልበቴ ላይ ጣለች። “ይበቃል። ሌላውን እነሱ ይንገሩኝ። ለፍተውበታል።”

ሙሉጌታና ጀማል በላብ ተጠምቀው ተመለሱ፤ ስልኩ ተገኝቷል፣ ሙዙ ለጦጣዋ ቀርቷል። እትዬ ዘውዴ “እናንተንም ጦጣ ቀማቻችሁ!” ብላ ሳቀችባቸው። ለማደር በደረስንባት በማሊንዲ ከተማ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ከማጀቷ ያመጣችውን የተጠበሰ ዓሣና የኮኮናት ሩዝ እስከ መጨረሻው በላች፤ ቅመሙን ጠየቀች፣ ሴትየዋን አቀፈቻት። ሙሉጌታ በክርኑ ጎሸመኝ።

“አየህ? ጉዞው ጠቀማት። አንተ ግን ሁሉ ነገር አይጥምህም።”

ምን ልበለው? ኮሚቴው ውስጥ እኔም ገባሁ። ከሁሉም የባሰውን ሚስጥር የያዝኩት እኔ ሆንኩ፤ ከእሷ የሚሸሽጉትን አውቃለሁ፣ ከእነሱ የምትሸሽገውንም አውቃለሁ።

ዓርብ በአንድ ቀን ወደ ናይሮቢ ተመለስን። ስለዚያ ቀን የምጽፈው ብዙ የለም። ዝሆኖቹ ነበሩ፤ መኪና ቁም ያለ ሰው አልነበረም። ቮይ ላይ ማማ ዋኬሾ መንገድ ዳር ቆማ ጠብቃን፣ የቋጠረችውን ማንጎ በመስኮት ለእትዬ ዘውዴ አቀበለቻት። ናይሮቢ ስንደርስ ሂሩት “ደክሞሻል፣ እኛ ጋ እደሪ” አለቻት። “እሺ” አለች፤ እንደ ሕፃን ታዛዥ ሆና።

ቅዳሜ ማለዳ ሰው ጫማውን በር ላይ እያወለቀ፣ ድምፁን እያፈነ ገባ። ሳሎኑ ሞላ። እትዬ ዘውዴ ከተኛችበት ክፍል ስትወጣ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና ነበር። ከሶፋው መሃል አስቀመጧት። ጡረታ የወጡት አቶ ደምሴ እንዲናገሩ ተመርጠዋል፤ ዘወትር ከእሷ ጎን የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ የምትናገረው ግን ሁልጊዜ እሷ ነበረች።

“ዘውዴ ልጄ” አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እንግዲህ ሰው ሆኖ… ይህች ዓለም… አንቺም ታውቂዋለሽ… እኛም…”

ቃሉ አልመጣላቸውም። እንደገና “ይህች ዓለም” ብለው ጀመሩ። ሰው ሁሉ ምንጣፍ ምንጣፉን ያያል። ያኔ የውስጡ በር ተከፍቶ ብርቱካን ገባች፤ ፊቷ ከጉዞውም ከለቅሶውም አብጧል።

እትዬ ዘውዴ እህቷን አየቻት። ጣቶቿ ጭኗ ላይ ሲቆጥሩ አየሁ፤ ናሆም አይደለም፣ ብርቱካን ይህችው ናት።

“ብርቱኬ፣ እማዬ አለች?”

“አለች።”

እትዬ ዘውዴ ወደ አቶ ደምሴ ዞረች። የሽማግሌውን እጅ ያዘችና፣ ለስንቱ ሰው በተናገረችበት በዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “በቃ አባባ፣ አይጨነቁ” አለቻቸው። “ካሳሁን ነው። ወንድሜ ካሳሁን ሞቷል።”

ቤቱ ተናወጠ። ብርቱካን እግሯ ላይ ወደቀች። እትዬ ዘውዴ ግን ገና አላለቀሰችም፤ አንድ ነገር ቀርቷት ነበር።

“መቼ ተቀበረ?”

“ረቡዕ” አለች ብርቱካን። “ረቡዕ ቀን።”

ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የወጣው፤

“ካሳሁን አፈር ሲገባ ደሴ ወጥቶ ሲያለቅስለት፣
እኔ በሰው አገር ባሕር ዳር ሽርሽር ወጥቼ ስስቅበት።”

ጀማል ተነስቶ ወደ ግቢ ወጣ። ሙሉጌታ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያለቅሳል። ከሰኞ ጀምሮ ስጮህ የነበረው ይኸንኑ ነበር፤ እሷ በሁለት ስንኝ ጨረሰችው። ትክክል ነበርኩ። በሕይወቴ ትክክል መሆን እንደዚያች ጠዋት ያስጠላኝ ቀን የለም።

ስንኙን ደገመችው፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ከዚያ ሙሾዋን ሳታቋርጥ እጇን ዘረጋች፣ የሙሉጌታን ኮት ጎተተችና አጠገቧ አስቀመጠችው።